የቅጠል አሽከር

ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ የተባለው ለካ ለእኛ ዘመን ኖሯል። እናንተ ጉልበታችሁ ሲቆረጥማችሁ ዝናብ መምጣቱን የምታውቁ፣ ሳሎናችሁን ለቴሌቪዥን፣ አልጋችሁን ለልጅ ልጅ፣ ጆሯችሁን ለባጃጅ ጥሩምባ የለቀቃችሁ የመከራ ጓዶቼ ሆይ! ለእኔ የቀረችኝ አንዲት የመስኮት ዳር ነበረች፤ ፀሐይ እየሞቅሁ አላፊ አግዳሚውን የምታዘብባት። እሷንም ቅጠል ወሰዳት።

ፒስ ሊሊ ይሉታል። ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በጭኗ አቅፋ አመጣችው። «አባባ፣ ቤቱን ያሳምርልዎታል፤ ደግሞ ብዙ አይፈልግም» አለችኝ። ብዙ አይፈልግም! ያኔ የቡና ረከቦት ጥግ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነገር ነበር። ለካ ሴንሴሽን የሚባለው ትልቁ ዝርያ ኖሯል፤ ሲመቸው ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፣ አንዱ ቅጠል ብቻ ክንድ ያህላል። አሁን ወንበሬ ኮሪደር ነው ያለው። እንግዳ ሲመጣ ቅጠሉን በእጁ ገለጥ አድርጎ «ጤና ይስጥልኝ፣ አሉ?» ይለኛል።

በእኛ ጊዜ ተክል ደጅ ነበር የሚያድረው፤ ሥራም ነበረው። ጌሾው ለጠላ፣ ወይራው ለጋን ማጠኛ፣ ጤና አዳሙ ለቡና፣ ጽዱ ለምሰሶ፣ ኮሶው ለሆድ። ኮሶው ራሱ እንደ ዛሬው አይመርም ነበር፤ ልጆች ጨምሩልን ብለን እናለቅስ ነበር። ቄጠማ እንኳን ቤት የሚገባው ለዓመት በዓል ነው፤ ይጎዘጎዛል፣ ቤቱን ያውዳል፣ ተረግጦ በማግስቱ ተጠርጎ ይወጣል። ይኸኛውስ? አይበላ፣ አይጠመቅ፣ አይታጠንበት፣ አጥር አይሆን። ተቀምጦ ይጠጣል። ዘመኑ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው፤ ድሮ ቅጠል ሰውን ያገለግል ነበር፣ ዛሬ ሰው ቅጠልን ያገለግላል።

ይጠጣል ካልሁ ዘንድ ነገሩን ልጨርሰው። ይህ ፍጥረት እንደ ጨዋ ዝም ብሎ አይጠማም። ቅጠሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ጥሎ የመትከያው ከንፈር ላይ ይዘረራል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ነው። አንዴ እሱን ታያለች፣ አንዴ እኔን ታያለች፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች። እኔ ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ማን ከንፈሩን መጠጠልኝ? ሲያጠጡት ታዲያ ጥቂት ሰዓት አይፈጅበትም፤ አንዱ አገዳ ቀና፣ ሌላው ቀና፣ እንግዳዋ ሳትሄድ ምንም እንዳልሆነ ተኮፍሶ ይቆማል። በሉ እንግዲህ ይህን ፈርታችሁ በየቀኑ አጠጡት! ሥሩ ይበሰብስና አሁንም ይዘረራል። ሲጠማም ይተኛል፣ ሲጠግብም ይተኛል። መለያው ጣትን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ መክተት ነው፤ ደረቅ ከሆነ ማጠጣት፣ ከራሰ መተው። ብርሌ ይዞ የኖረ ጣት በስተርጅና ጭቃ መለኪያ ሆነ።

ውሃውም የተገኘው ውሃ አይደለም። የቧንቧው መድኃኒትና ጨው ሲጠራቀምበት የቅጠሉ ጫፍ ይጠቁርበታል። እኔ በፈረቃ፣ ያውም በእኩለ ሌሊት የሚመጣውን ውሃ ሳላማርጥ እጠጣለሁ፤ እሱ የዝናብ ውሃ ይጠጣል። ክረምት ከቆርቆሮው የወረደውን በበርሜል አጠራቅሜ፣ ክዳን ገጥሜ፣ በሻሽ አስሬ አኖራለሁ። በቀደም ባለቤቴ በዚያ ውሃ ጋቢ ልታጥብ ተነሥታ ደረስሁባት። ምነው ሸዋ! ለጋቢ የዝናብ ውሃ? ድሮ እኮ እናቶቻችን ቀሃ ወንዝ ወርደው ነበር የሚያጥቡት፤ የዛሬ ሴት ቅንጦት አበዛች።

ብርሃን ይፈልጋል፣ ፀሐይ ግን አይፈልግም። ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ ይነዳል፣ ጨለማ ካደረጉት አያብብም። መስኮት አጠገብ ሆኖ ስስ መጋረጃ ይጋረድለታል። እኔ ፀሐይ መሞቄ የቀረው በዚህ መጋረጃ ነው። ብርዱማ አይነሣ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቆረጥማል። ይህ ቅጠል 13 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ያኮርፋል። እስቲ ወደ ስሜን ተራሮች ውጡና ጅብራን ተመልከቱ! ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በረዶው ላይ ቆሞ፣ ሲመሽ ቅጠሉን ራሱ አጥፎ እምቡጡን ይሸፍናል፤ ሲነጋ ራሱ ይዘረጋል። ተክል ማለት እሱ ነው። ጋቢ አድርጉልኝ አይል። የእኔው ግን ምሽት ላይ ጋቢዬን ካልደረብሁለት ጠዋት ጠቁሮ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ «አንቱ ሰውዬ፣ እርስዎስ ምን ለብሰው ሊያድሩ ነው?» ትለኛለች። ፎጣ አለ አይደለም እንዴ!

በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን የቆረቆሩት አፄ ፋሲለደስ በእልፍኛቸው ፒስ ሊሊ ነበራቸው? አልነበራቸውም። ግንቡ ግን ይኸው ቆሟል። ለጥምቀት ከቀሃ ውሃ የሚሞላው የፋሲል መዋኛ ዳር ያሉትን ዛፎች አላያችሁም? ሥራቸው ድንጋዩን አቅፎ አጥሩን ደግፎ ይዞታል። ማን ማዳበሪያ ሰጣቸው? የጃንተከሉን ዋርካ ማን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው? የእኔውን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መወልወል ግድ ነው፤ የከተማው አቧራ ቅጠሉን ከደፈነው ብርሃን አያገኝም። አንድ እጅ ከሥር ደግፎ፣ በሌላው በለሰለሰ ጨርቅ ከአገዳው ወደ ጫፉ፣ በቀስታ። የልጅ ልጄ እንዳትሞክር ከልክያታለሁ፤ ትቸኩላለች።

አገሩስ ወዴት ነው አትሉም? ዘመዶቹ አብዛኞቹ ከአሜሪካ ቆላ ነው አሉ፤ ኮሎምቢያ፣ ቬኔዝዌላ፣ ሙቀትና ዝናብ ካለበት ጫካ። ታዲያ ወይና ደጋ ምን አመጣው? አሜሪካ የሚባል አገር ተክል ለእኛ ምን ይበጀናል? የአባቶቻችን በርበሬ፣ የደባርቅ ድንች፣ የጓሯችን በቆሎ መቼ አነሰንና!

አበባውም አበባ አይደለም። ያ ነጩ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው፣ ነጭ የሆነ ቅጠል ነው አሉኝ። እውነተኞቹ አበቦች መካከል ባለችው ዘንግ ላይ የተለጠፉት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ሳምንታት ሲቆይ ነጩም አረንጓዴ ይሆናል፤ ቅጠል መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። እንግዲህ በዚህ ዘመን ምን ይታመናል? የመስከረሟን አደይ ተመልከቱ፤ እሷ አበባ ናት፣ ማስመሰል የለባት።

አየር ያጠራል ብለውም ወሬ አመጡብኝ። እውነት ነው፣ በፈረንጆቹ 1989 የአሜሪካ የጠፈር ተመራማሪዎች በታሸገች ትንሽ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ተክሎች ጋር ሞክረውታል። ኋላ በ2019 የወጣ ጥናት ግን ሲያሰላው፣ መስኮት በመክፈት የሚገኘውን የአየር ለውጥ ያህል ለማግኘት ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል ቢያንስ 10 ተክል፣ ሲብስም እስከ 1,000 ያስፈልጋል። ይኸው! መስኮት ይበቃል ብዬ ነበር፤ የሽማግሌ ነገር ማን ይሰማል! የእኛ መስኮት ለነገሩ ከኅዳር ወዲህ አልተከፈተም፤ ንፋሱ ቅጠሉን ይመታዋል።

የባሰው ደግሞ የድመቷ ነገር ነው። ድመት ካኘከችው አፏን ያቃጥላታል፤ ውስጡ የመርፌ ጫፍ የሚመስሉ የማይታዩ ፍንጣሪዎች አሉት። የጎደሬ ዘመድ ነው፤ ጎደሬም ጥሬውን ጉሮሮ የሚበላው በዚሁ ነው። ጎደሬ ግን ተቀቅሎ ይበላል፣ ለቤት ይጠቅማል። ይኸኛው ዘመድነቱን ለክፋት ብቻ ወረሰ። ስለዚህ ድመቷ ደጅ ወጣች፣ አይጡ ሳሎን ገባ፣ እኔ ሌሊት ዘነዘና ይዤ እነሣለሁ። እግረ መንገዴን ጋቢው አለመንሸራተቱን አያለሁ።

ልጆቹ ደግሞ ቅጠል በስልክ ያስመረምራሉ! ፎቶ አንሥተው «ምን ሆነ?» ብለው ስልኩን ይጠይቁታል። እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ስልክ ሐኪም የሆነው ብዬ ተቆጣሁ። «አባባ፣ ሥሩ ጠቦታል፣ መትከያ ይቀየርለት ይላል» አለችኝ የልጅ ልጄ። የማይረባ ነገር! «በይ በዚያኛው ጎን ደግመሽ አንሺው፤ ይኸኛው ደብዝዟል» አልኋት። ስልኩ ስለ መረሬያችን አላወቀም፤ መረሬ ብቻውን ውሃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል። አሸዋና የበሰለ ብስባሽ ቀላቅሎ፣ ታቹ የተበሳ መትከያ ውስጥ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ስልክ አያስፈልግም፤ ጭንቅላት እንጂ። ከመትከያው ሲወጣ ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ነበር፤ ሁለት ቦታ መክፈል ግድ ሆነ።

ባለቤቴ ይህን ሰምታ «እንግዲያው እኩሌታውን ለጎረቤት እንስጥና እርስዎም ይረፉ» አለች። ማን፣ ለዚያች ከንፈር መጣጭ? በየቀኑ ውሃ ታንቆረቁርበታለች፣ የምድጃ ጭስ ታጨስበታለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ጋቢ እንኳን አታለብሰውም። ሁለተኛውን ዕጣ ሳሎን ውስጥ ሶፋው በነበረበት አስቀምጬዋለሁ። ማየት የፈለገ መጥቶ ይየው፤ ቤቴ ለእንግዳ መቼም ተዘግቶ አያውቅም። ብቻ ሲገባ በሩን ቶሎ ይዝጋ፤ ብርድ እንዳያስገባባቸው።