እንስራዋ ወዴት ሄደች?

ጌም የሚሠራ ወዳጅ ያለው ሰው ማታ ስልኩን ዘግቶ ቢተኛ ይሻለዋል። የእኔው ጉድ እኩለ ሌሊት ላይ ደውሎ «እንስራዋ ሄደችብኝ!» አለኝ። «የት?» ብለው «ወደ ቤቷ» አይለኝ መሰላችሁ!

የገጠር ገበያ የሚያሳይ ጌም እንሥራ ብለን ተነሥተን ነበር፤ እሱ ኮዱን፣ እኔ ሥዕሉንና ነቆራውን። ወዳጄ «ውሻ እንስሳ ነው፣ እንስሳ ፍጡር ነው» የሚለውን የኦብጀክት ኦሪየንትድ ትምህርት በቃሉ ሸምድዶ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ የጌሙ ዓለም በሙሉ «ነገር» ከሚባል አንድ ክላስ ወረደ። በአንዱ ቅርንጫፍ ሕያዋን፦ ሰው፣ በግ፣ ውሻ። በሌላው ግዑዛን፦ ድንጋይ፣ ሳጥን፣ እንስራ። ወረቀት ላይ ስሎ ሲያሳየኝ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር።

ከዚያ እንስራዋ ስትመታ ትሰበር ተባለ። ለመሰበር በተመታች ቁጥር የሚቀንስ የጤና ቁጥር ያስፈልጋታል፤ ጤና ያለው ደግሞ «ሕያው» ክላስ ውስጥ ነው። ወዳጄ እንስራዋን ነቅሎ ከሕያዋን ጋር ተከላት። ተሰበረችለት። ግን ሕያው የሆነ ሁሉ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከወላጁ የወረሰው ነዋ! ቤት ላልተሰጠው አድራሻው ዜሮ ዜሮ ነው፣ ማለትም የካርታው ጥግ። ገበያው ሲበተን እንስራዎቹ ተሰልፈው ወደዚያ ጥግ ተንሸራተቱ።

እሱንስ እንስራ ክላስ ውስጥ ባዶ የ«ሂድ» ፈንክሽን ጽፎ አስቀራቸው። የባሰችው አህያዋ ናት። እንደ ሕያው ትራመዳለች፣ እንደ ሳጥን ዕቃ ትይዛለች። ሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ወላጅ ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ወላጆቿ ግን ከ«ነገር» የወረዱ ስለሆኑ አህያዋ ሆድ ውስጥ ሁለት «ነገር» ገባ። የቆመችበትን ቦታ የሚመዘግበው ደግሞ «ነገር» ነው። እግሯ በአንዱ ቦታ ሲራመድ ጭነቷ በሌላው ቆሞ ቀረ። አህያ ገበያ፣ ጤፉ ደጅ!

ላጽናናው ብዬ የታላላቆቹን ጉድ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1998 ሃፍ ላይፍ የተባለው ጌም ከወጣ በኋላ ሠሪው ቫልቭ ለማሻሻል ለሚፈልጉ ሰዎች የጌሙን ኮድ ለቆ ነበር። እዚያ ውስጥ ተጫዋቹ የሚወርሰው ከጭራቅ ክላስ ነው፤ ጭራቁ የሚወርሰው ደግሞ በሮች ከሚወርሱት ከዚያው ክላስ። በእኛ የሰባት ቤት ቆጠራ ከሄድን፣ ጀግናው ጎርደን ፍሪማን የጭራቅ ልጅ፣ በሩም አጎቱ ነው። ጌሙ ግን ዓለምን ያስደነቀ ጌም ሆነ፤ ስለዚህ የዘር ሐረግ የተበላሸበት ሁሉ አይወድቅም።

የሚያሳርፈው መንገድ ከተገኘ ግን ቆይቷል። ፕሮግራመሩ ስኮት ቢላስ በ2002 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ደንጀን ሲጅ የተባለውን ጌም አሠራር ሲያስረዳ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ዕቃው ባዶ ይሁን፣ ጠባዩ ኮምፖነንት በሚባሉ ቁርጥራጮች ይለጠፍበት። በ2005 የመጣው የጌም መሥሪያ ዩኒቲም ይህንኑ መንገድ ነው ብዙዎችን ያስለመደው። እንስራዋ «ተሰባሪ» ተለጠፈባት፣ አህያዋ «ተራማጅ»ና «ጫኝ»። ወላጅሽ ማነው ብሎ የሚጠይቃት የለም። እኔ በዚህ ሃይማኖት ገብቻለሁ። ወዳጄም እያጉረመረመ ገባ።

አሁን የምንጨቃጨቀው በቅደም ተከተል ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ሁሉም ኮምፖነንት ተራ በተራ ይጠራል፤ ጭነቱ ከአህያዋ ቀድሞ ከተጠራ የቀድሞ ቦታዋን ያነብና ሁልጊዜ አንድ ፍሬም ወደኋላ ይቀራል። ከጀርባዋ ተንሳፍፎ የሚከተላት ጤፍ ይሆናል ማለት ነው። እሱ ለእያንዳንዱ የተራ ቁጥር እንስጥ ይላል፤ እኔ ሁሉም ከተንቀሳቀሰ በኋላ ጭነት ለብቻው ይጠራ እላለሁ። «እሺ፣ በግ የጫነች አህያ ከነበጓ ጀልባ ላይ ብትሳፈርስ?» ሲለኝ ግን ሻይ እንዲያዝልኝ እጠይቀዋለሁ።