ድሮስ ምን ጥለን እናውቃለን?

ዘንድሮ ደግሞ ሰርኩላር ኢኮኖሚ የሚባል መጣና ጆሮዬን አደነቆረው። ዕቃ አይጣልም፣ ይጠገናል፣ ሌላ ነገር ይሆናል! ይህን የሚያስተምረኝ ሥልጠና ወስዶ የመጣው የልጅ ልጄ ነው፤ የጨረሰውን ሃይላንድ በመስኮት ሊወረውር እያነጣጠረ። «አምጣ፣ ለአያትህ የዘይት መያዣ ይሆናታል» ብዬ ነጠቅሁት።

እስቲ ፍረዱኝ። ቆራሌው እየጮኸ የሚሰበስበው ጣሳና ቆርቆሮ የት ይሄድ መስሏችኋል? መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ! በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ጎማ ሲያልቅ በረባሶ ይሆናል፤ በረባሶ ደግሞ አያልቅም፣ የሚያልቀው ባለቤቱ ነው። ለእኛ የድህነት ምልክት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግድም ቤተልሔም ጥላሁን ከዘነበወርቅ ሰፈር ተነስታ በጎማ ሶል የተሠራ ጫማ «ሶል ሬብልስ» ብላ ለውጭ ገበያ አቀረበች፤ ፈረንጅ በዶላር ገዛው። ይኸው ነው የኛ ነገር።

«አባባ፣ ሐሳቡ እኮ የስዊሱ አርክቴክት የዋልተር ስታሄል ነው» ይለኛል ልጁ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1976 ለአውሮፓ ኮሚሽን ባቀረቡት ጥናት አዲስ ከማምረት ያረጀውን ማደስ ኃይል ይቆጥባል፣ ለሰውም ሥራ ይፈጥራል ብለዋል። አልቀየማቸውም፣ ብልህ ናቸው። የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ግን ይህንኑ ያለ አበል ያውቀው ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤን ነካው። ዕቃውን ሳይሆን አገልግሎቱን ሽጥ ይላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1962 የአውሮፕላን ሞተር ጥገናን በበረራ ሰዓት ማስከፈል ጀመሩ፤ ኋላ ሮልስ ሮይስ አስፋፋው። ሞተሩ በተበላሸ ቁጥር የሚከስረው ሠሪው ስለሆነ እንቅልፍ የሚያጣውም እሱ ነው። የእኔ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ዋስትናው ባለቀ ማግስት ሞተ፤ ሻጩ ደግሞ «ከማሠራት አዲሱ ይረክስዎታል» አለኝ። በፈላው ውኃ ልክ የምከፍለው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ደጄ ላይ ባደረ!

እድርስ ታዲያ ምንድን ነው? በየቤቱ ድንኳን የገዛ አለ? ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ አግዳሚውም የጋራ ነው፤ ዛሬ ሐዘን ቤት፣ በሳምንቱ ሠርግ ቤት። ይህን የምለው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ በእጄ ስላለ ነው። ሳህን ቆጥሬ አወጣለሁ፣ ቆጥሬ አስገባለሁ፤ ሲገባ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። ድስቱ ተመልሶ ጭልፋው ይቀራል። ለመሆኑ ሥልጠናው ላይ ዓይኑ ያበጠ ሐዘንተኛ «ጭልፋዋስ?» ተብሎ እንዴት እንደሚጠየቅ ያስተማረ አለ?

የለስላሳ ጠርሙስ እኮ እየሮጠ የሚመለሰው ማስያዣ ስላለበት ነው። ይህን አስቤ በእድሩ ስብሰባ «ለጭልፋም ማስያዣ ይከፈል» ብል አዳራሹ ተናወጠ። «በሬሳ ላይ ማስያዣ!» አሉኝ። አንዷማ «እኚህ ሰው ቀባሪ አይፈልጉም እንዴ?» ብላ አሳቀችብኝ።

አሁን ደግሞ ልጁ በሚቀጥለው ሥልጠና ልምድ እንዳካፍል ጠይቆኛል። እሺ ብያለሁ። የጎደሉትን ጭልፋዎች ዝርዝር ይዤ ነው የምሄደው፤ ከሠልጣኞቹ መካከል አንድ ሁለት ባለዕዳ አይጠፋም።