መድኃኒት በሙሽራ ሻንጣ

አጎቴ መሪጌታ ደባርቅ ላይ ብርሌውን በእጃቸው እንደያዙ «ብርሌ ምንድን ነው?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ቅኔ ሊዘርፉ መስሎን ሰሙንና ወርቁን ስንጠብቅ ጠጁን ጭልጥ አድርገው ዝም አሉ። ሰንበትበት ሲል ጥያቄው በዛ፤ ወስከምባይ፣ ማጭድ፣ ኧረ ኩታ እንኳ! ኩታቸውን ተከናንበው «ኩታ ምንድን ነው?» ይላሉ። የማን ሰርግ መቼ እንደ ነበር፣ ማን ስንት ብር ተበድሮ እንዳልከፈለ ግን አንዷ አትጠፋቸውም። ዜማውንም ያዜማሉ። ሰፈሩ ደነቆሩ ብሎ ስለ ደመደመ፣ ጠያቂ ሁሉ እንደ አዋጅ ነጋሪ ይጮህባቸዋል።

ጎንደር ወርደን ያየናቸው ሐኪም ችግሩ ጆሮ ላይ ሳይሆን በግራ በኩል፣ የቃል ትርጉም በሚቀመጥበት የአንጎል ክፍል ላይ ነው አሉ። ቋንቋን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ እንዲህ ያለ ሕመም አርኖልድ ፒክ የሚባል የፕራግ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 ጽፎበታል። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው የተዋናዩ የብሩስ ዊሊስ ሕመምም ከዚሁ ዘር ነው። «የሚያቆመው መድኃኒት እስካሁን የለም» አሉን።

ቨርጂኒያ ያለው ልጃቸው ግን «የለም» የሚባል ነገር አይገባውም። ሜማንቲን የሚባል ክኒን ገዝቶ በመንገደኛ ላከ። አዘዞ ኤርፖርት የተረከብኩትን ሻንጣ ቤት ስከፍተው የሙሽራ ቬሎና የሕፃን ጫማ ወጣ (ለምን አብረው እንደ ታሸጉ አልጠየቅኩም)። ስልክ በስልክ ስንፈላለግ የኛው ሻንጣ ዳባት ሰርግ ቤት ገብቷል። ቬሎውን ታቅፌ በሚኒባስ ስደርስ የሙሽራዋ እናት የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይታገላሉ፤ ቫይታሚን መስሏቸዋል። ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት የሕፃናት መከላከያ ክዳን ባይኖረው ኖሮ ሚዜዎቹ ሁሉ ይታደሉት ነበር። እኔንም ሳናበላ አንሸኝም ብለው አመሹኝ።

ሐኪሙ ብልቃጡን አይተው ተነፈሱ። ሜማንቲን የሚታዘዘው ለአልዛይመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንደ መሪጌታ ያሉትንም ጨምሮ 81 ሕመምተኞችን ለ26 ሳምንት ተከታትሎ ጥቅም አላገኘበትም፤ ጭራሽ ዕቃን በስሙ በመጥራት ፈተና ክኒኑን የወሰዱት ባሰባቸው። የኛን ሰውዬ ደግሞ የቸገራቸው የዕቃ ስም ነው! በምትኩ ለእንቅልፍ ብለው የሚውጡትን የአለርጂ ክኒን አስተዋቸው፤ እሱ ራሱ አእምሮ ያደነዝዛል። ከዚያ የቤቱን ዕቃ በፎቶ አንስታችሁ በየቀኑ ስሙን አስደግሟቸው አሉ።

ይህን የልጅ ልጃቸው ያዘች። የጠፋውን ሁሉ አይመልስም፤ «ጀበና» እና «ሰፌድ» ግን አሁንም አሉ። እሷ ስትሰለች ተራው የኔ ነው፤ ከክኒኑ ይልቅ ይሄ ያደክማል።

ባለፈው ደግሞ ልጃቸው ደውሎ ሌካኔማብ የሚባል አዲስ ነገር ወጥቷል፣ በደም ሥር ነው የሚሰጠው አለ። እሱም ለአልዛይመር መሆኑን ሳስረዳው እናቱ እትዬ ስልኩን ነጠቁኝ፦ «ልጄ፣ የምትልከውን ላክ፤ ሻንጣው ላይ ግን ቀይ ጨርቅ እሰርበት።»