የበሬ ጥርስ እያየን

በሬ የሚገዛ የወለጋ ገበሬ የበሬውን አፍ ሳይከፍት ኪሱን አይከፍትም። ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ሁለት እርምጃ ያስኬደዋል። ዋጋ ሲጠሩለት ደንግጦ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና ይሄዳል። ያው ሰውዬ ቤት ልሥራ ብሎ የብዙ በሬ ዋጋ ይዞ ነቀምቴ ብረታ ብረት ቤት ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። «ባለ 12 ፌሮ አለ?» ይላል። «አለ።» «በሉ ጫኑ።» አለቀ። ፌሮም ጥርስ እንዳለው፣ ያውም የብረቱ ጥቅም ያለ ጥርሱ ከንቱ እንደሆነ ማንም አልነገረውም። ቢነግሩትም ይስቃል።

ፌሮ ላይ ጣታችሁን ብታስኬዱ የሚቆረቁራችሁ ሽንትርትር ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ኮንክሪት ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ሲስቡት ግን ልፍስፍስ ነው። መሳብን የመቋቋም አቅሙ መጫንን ከሚቋቋምበት አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ነው። ቢም ሸክም ሲያርፍበት ሆዱ ይሳባል፤ ፌሮ የሚገባውም ያንን መሳብ እንዲሸከምለት ነው። እንግዲህ ፌሮው ውስጥ መኖሩ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ኮንክሪቱ ሲሳብ ብረቱ ከውስጥ ከተንሸራተተ ባለቤቱ በውድ ዋጋ ብረት ቀበረ እንጂ ቢም አልሠራም። ልሙጥ ብረት የሚያያዘው በሲሚንቶው ሙጫነትና በፍትጊያ ብቻ ነው፤ ሙጫው ደግሞ ብረቱ ገና ለዓይን በማይታይ መጠን ሲነቃነቅ ይለቃል። ዱሮ የልሙጥ ብረት ጫፍ እንደ መንጠቆ ይቆለመም የነበረው ለዚህ ነበር።

መፍትሔ ካመጡት አንዱ ሳን ፍራንሲስኮ የኖረው ትውልደ እንግሊዙ ኧርነስት ራንሰም ነው። ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ጠምዝዞ በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣበት። ጥምዝምዙ ኮንክሪቱን ነክሶ ይይዛል ብሎ በካሊፎርኒያ የባለሙያዎች ማኅበር ፊት ሲያስረዳ ግን ሳቁበት፤ «ብረቱን አበላሸኸው» ነበር ያሉት። እሱም በ1889 ጎልደን ጌት ፓርክ ውስጥ በዚያው ጥምዝምዝ ብረት አንድ ትንሽ ድልድይ ሠራ። የ1906ቱ ርዕደ መሬት ሳን ፍራንሲስኮን ሲያፈርሳት ድልድዩ ቆሞ ቀረ፤ ዛሬም አለ። የሳቁት ሰዎች የሠሩት ይኑር አይኑር ማንም አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ ጥርሱ ላይ ሆነ። ዳፍ አብራምስ የተባለ ተመራማሪ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ብረት እየጎተተ እየነቀለ ውጤቱን በ1913 አሳተመ። አሜሪካኖች ጥርሱ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ ምን ያህል ይራራቅ የሚለውን በደረጃ ቆርጠው ያስቀመጡት እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ቆይተው ነው። ለምን ዘገዩ ቢባል፣ ነገሩ ጥርሱን በማስረዘም የሚፈታ ስላልሆነ ነው። ጥርስ ኮንክሪቱን ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ይገፋዋል፤ በጣም ከረዘመ የሸፈነውን ኮንክሪት ሰንጥቆ ይወጣል፤ በጣም ካጠረ ይሾልካል። ስለዚህ ባለ 12 ሚሊ ፌሮ ላይ ያለው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአንዱና በሌላው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተትም ከፌሮው ውፍረት ያነሰ ነው። ቤታችንን የያዘልን ይህቺው አንድ ያልሞላች ሚሊ ሜትር ናት።

ይህን ያህል ተለክቶ የመጣ ነገር ነቀምቴ ደርሶ የሚወርደው ቀይ ጭቃ ላይ ነው። ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቷም ቀልድ አያውቅም። ፌሮው ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ዶሮ ይረማመድበታል፣ ልጆች ሚዛን መጠበቅ ይለማመዱበታል፣ ጭቃው በጥርሶቹ መሀል ገብቶ ይደርቃል። ባለቤቱን ጭቃው አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ዝገቱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፌሮው ቀላ ብሎ ሲያገኘው «ተበላሁ!» ብሎ ይጮኻል። የማይረግፍ ስስ ዝገት ግን ይዞታውን አይጎዳም፤ ሲነኩት የሚረግፈው ነው ተፍቆ መነሣት ያለበት። ይህን የሚነግረው ሰው ሳይመጣ ጎረቤት ይደርስና «የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ዝገቱን ያቆምልሃል» ይለዋል። እውነቱን ነው፣ ያቆምለታል። ከዝገቱ ጋር ሙጫውንም ያቆምለታል። እንዳይንሸራተት ጥርስ ያወጡለትን ብረት በዘይት አለስልሶ ማስገባት ምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የሚከተለው ጭውውት ቃሉ ትንሽ ይለያይ እንጂ ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ የሚሰማ ነው። ወጣቱ መሐንዲስ ገና ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ባለቤቱ የቡና ነጋዴ።

«ኦቦ፣ ሙሌት ከመጀመራችን በፊት ፌሮው ላይ ያለው ጭቃ ይታጠብ።»

«ልጄ፣ ውስጥ ገብቶ ማን ሊያየው ነው?»

«ለመታየቱ አይደለም፤ ኮንክሪቱ እንዲይዘው ነው።»

«ስንት ዓመት ነው የተማርከው?»

«አምስት።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ብረት ማጠብ ነው ያስተማሩህ?»

ሠራተኛው ይስቃል። መሐንዲሱም ደመወዙን አስታውሶ አብሮ ይስቃል።

እኒሁ ኦቦ ግን ስለ ፌሮ ደንታ የላቸውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ይቆጥራሉ። ጎረቤታቸው ኮለኑ ውስጥ ስምንት ፌሮ ካስገባ እሳቸው አሥር ያስገባሉ። ፕላኑ ስድስት ይላል፤ ፕላን ግን ለማዘጋጃ ቤት የሚቀርብ ወረቀት እንጂ ሠራተኛ የሚያየው ነገር አይደለም ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የወጣው እዚያ ላይ የተጻፈው እንዲሠራ ነበር፤ ይሁን። አሥሩ ፌሮ ጠባቡ ኮለን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ኮንክሪቱ ሲፈስ ጠጠሩ መግቢያ አጥቶ ከላይ ይንጠለጠላል፤ ከታች ባዶ ቀዳዳ ይቀራል። ካሳፎርማው ሲፈታ ያ ቀዳዳ ያፈጥጣል፤ ፎርማኑም ባለቤቱ ሳይመጣ በሲሚንቶ ልቁጥ ይደፍነዋል። ብረቱ በዝቷል፤ ብረቱን የሚይዘው ነገር ግን አልገባም።

የሶሌታ ሙሌት ቀን ደግሞ ራሱን የቻለ ክብረ በዓል ነው። በግ ይታረዳል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሚክሰሩ ከንጋት ጀምሮ ይጮኻል፣ ባሬላ የሚሸከሙት ወጣቶች ይሯሯጣሉ። ከበጉ ሽታ ቀጥሎ በግቢው የሚናኘው ድምፅ አንድ ነው፦ «ውሃ ጨምርበት!» ውሃ የጠገበ ኮንክሪት ለመዘርጋት ይቀላል፤ ጉልበት ያድናል፤ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ባለቤቱም ሲፈስስ ሲያይ ደስ ይለዋል። የተጨመረው ውሃ ግን ውስጥ አርፎ አይቀመጥም። ጠጠሩ ሲሰክን ወደ ላይ ይወጣል፤ በመንገዱ አግድም የተኛ ፌሮ ሲያገኝ ሥሩ ይቋጠራል። ውሃው ሲደርቅ በፌሮው ሆድ ሥር ስስ ክፍተት ይቀራል፤ የታችኞቹ ጥርሶች ባዶ አየር ነክሰው ይቀራሉ ማለት ነው። ጥልቅ ቢም አናት ላይ ያለ ፌሮ ከሥረኛው ያነሰ ይዞታ አለው ተብሎ በንድፍ ሕጉ የሚቀነስለት በዚሁ ሰበብ ነው። ያውም ይህ የተባለው በልክ ለተቦካ ኮንክሪት ነው፤ እኛ ጋ የውሃውን ቆርቆሮ እየደፋን ለምናቦካው ስንት እንደሚቀነስ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።

በዚያው ቀን ፌሮውን ከካሳፎርማው ከፍ አድርጎ የሚይዘው ስፔሰር አልተዘጋጀም። ሰባት ቀን ቀደም ብሎ በሲሚንቶና በአሸዋ መሠራት ነበረበት፤ በጉ ግን ሰባት ቀን ቀደም ብሎ ተገዝቷል። ስለዚህ አንድ ሁለት ጠጠር ከሥር ይወተፋል፤ ሠራተኛው ሲረግጠው ጠጠሩ ይሸሻል፤ ፌሮው ጣውላው ላይ ይተኛል። ኮለንና ቢም ላይ 25 ሚሊ ገደማ ሽፋን ያስፈልጋል ሲባል ለእሳትና ለዝገት ብቻ አይደለም፤ ያ ወደ ውጭ የሚገፋ ጥርስ የሚገፋው ሽፋኑን ስለሆነ ነው። ሽፋን ከሌለ የሚነክሰው የለም። ፌሮዎቹን የሚከብበው ቀለበት፣ ስታፋውም፣ ያንን ግፊት ታቅፎ እንዲይዝ ነበር፤ ባሬላ ተሸካሚው መንገዴ ላይ ቆመ ብሎ ገፋ ገፋ አድርጎታል።

ቅጥያው ደግሞ አለ። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው፤ ሕንጻ ከዚያ ከረዘመ አንዱን ፌሮ ከሌላው ጎን አስተኝቶ መቀጠል ግድ ነው። በሁለቱ መካከል ኃይሉን የሚያሻግረው ኮንክሪቱ ነው፤ ጥቁሩ ሽቦ ሥራው እስኪሞላ ድረስ ቦታቸውን እንዲይዙ ማድረግ ብቻ ነው። በተለመደው ኮንክሪት ቅጥያው ከፌሮው ውፍረት 40 እስከ 50 እጥፍ ይፈልጋል። ለባለ 16 ከ64 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በእኛ ሠፈር መለኪያው ስንዝር ነው፤ ሁለት ስንዝር ከሆነ ቸርነት ነው። «ሽቦውን አጥብቄ አስሬዋለሁ» ይላል ፌራዮው። ሽቦው ቤት የሚሸከም መስሎታል።

ይህን ሁሉ ብረት ደብቀን የምንበድለውን ያህል ግን የሚታየውን እንንከባከባለን። ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ ነጆን፣ ደምቢ ዶሎን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆናችሁ እዩ፤ ከጣራው በላይ ፌሮ ያልተመዘዘበት ቤት ጥቂት ነው። ባለቤቱ አንድ ፎቅ ሠርቶ ቆርቆሮ አልብሶታል፤ ኮለኖቹ ግን ቆርቆሮውን ቀድደው ሰማይ ያያሉ። «ስንት ፎቅ ነው?» ሲባል «አራት ነው፣ ለጊዜው አንድ ላይ ቆመናል» ይላል። ሚኒሶታ ያለው ልጅ ሲልክ ሁለተኛው ይቀጥላል። ልጁ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እዚያው ቤት ገዝቶ ብድር ይከፍላል፤ ፌሮው እዚህ ይጠብቀዋል። እስከዚያው ልብስ ይሰጣበታል፣ ዲሽ ይታሰርበታል፣ ጫፉ ላይ ባዶ ሃይላንድ ይደፋበታል። አሥር ክረምት ይዘንብበታል። ውሃው በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል ፌሮውን ተከትሎ ኮለኑ ውስጥ ይወርዳል፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካርታ ይሥላል። ጥርሶቹ አንድ ያልሞላ ሚሊ ሜትር ነበሩ ብለናል፤ ዝገቱ እየተላጠ ሲረግፍ የሚወስደው ከነሱ ጀምሮ ነው። ልጁ ብር የላከ ዕለት አዲሱ ፌሮ ከድድ ጋር ይታሰራል።

ወለጋ እኮ ብረት የማታውቅ አገር አይደለችም። ጊምቢ አጠገብ ቢቂላል ላይ የብረት ማዕድን ከምድር ሥር ተኝቷል፤ ጡምቱዎቹም ከብረት ጋር የኖሩ አንጥረኞች ናቸው። ቤታችን የሚገባው ፌሮ ግን ከአዲስ አበባ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ነው የሚደርሰን። የጭነቱ ዋጋ ተደምሮ ሲወደድ ገዢው ረከስ ያለውን ይፈልጋል፤ ረከስ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳሳ ያለው ነው። 12 ተብሎ የተሸጠላችሁ ፌሮ ቢለካ 11 ሚሊ ከሆነ ከብረቱ 16 በመቶ ገደማ ቀርቶባችኋል፤ በዓይን ግን ይህን የሚለይ ሰው አላየሁም። ዓይኑን የሚያምነው ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

ዘንድሮ ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ይህቺን ጻፏት። ሙሉ 12 ሜትር የሆነ አንድ ቤርጋ ባለ 8 ፌሮ 4.74 ኪሎ፣ ባለ 10 7.4 ኪሎ፣ ባለ 12 10.66 ኪሎ፣ ባለ 14 14.5 ኪሎ፣ ባለ 16 ደግሞ 18.94 ኪሎ ይመዝናል። ትንሽ ዝቅ ከፍ ማለቱ በደረጃው የተፈቀደ ነው፤ ኪሎና ተኩል መጉደል ግን አይደለም። ቡና የሚመዘንባት ከተማ ሚዛን አትቸገርም፤ ፌሮው ከመኪና ሳይወርድ አንድ ሚዛን ተዋሱና ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ቤርጋ አስመዝኑ።