ወላጅ ዝር የማይልበት ትምህርት ቤት፦ ለወረዳ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የቀረበ ምክር

ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ እንደምትገኘው ኩታበር ባለ ወረዳ ሕዝብን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቆራረጥ የዋዛ ሥራ አይደለም። የወሎ ሰው ገና ሳይጠሩት ይመጣል። ለቀብሩም ለእርቁም ቅሬ በሚለው ዕድሩ ተደራጅቷል፤ ሼሁና ቄሱ አብረው ተቀምጠው የመንደሩን ጉዳይ ይጨርሳሉ፤ ክፍል ይሠራ ከተባለ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ከተፍ የሚለው አርሶ አደሩ ነው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ አሰልችቶ ቤቱ ለማስቀመጥ ዕቅድና ትጋት ይጠይቃል። ይህ ምክር የተሰናዳው በጅምር ለቀሩ ኃላፊዎች ነው።

ሥራው ከማስታወቂያ ይጀምር። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ «ጉዳዩ፦ የባለድርሻ አካላት የንቅናቄ መድረክ ጥሪን ይመለከታል» ተብሎ ይጻፍ። የትምህርት ቤቱ ስም ከሦስተኛው አንቀጽ በፊት ብቅ አይበል፤ ማኅተሙም ቀኑና ሰዓቱ ላይ ይረፍ። ወረቀቱ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ ካለፈው ዓመት የጨረታ ማስታወቂያ ጎን ይለጠፍ። ወላጁ ያን ጊዜ ደጋ ላይ ገብሱን እያጨደ ነውና የማንበብ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ለጥንቃቄ በቴሌግራም ይለቀቅ፤ ስካኑ ወደ ጎን የተጋደመ ቢሆን ይመረጣል።

ኃላፊው እንደ እሳት የሚፈራው ነገር ቢኖር የስብሰባው ወሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም፣ በገበያ ቀን ደግሞ በገበያው መሐል እንዳይነገር ነው። ከተነገረ ወጪ ሳይወጣ ወረዳው በሙሉ ይሰማል፤ አዳራሹም ይሞላል።

ከዚህ ሁሉ አልፎ ወላጅ ከመጣ መላው ስብሰባው ውስጥ አለ። ጥሪው ለ3 ሰዓት ይሁን፤ ኃላፊው 5 ሰዓት ይድረስ። መድረኩ ላይ ወንበርና የታሸገ ውኃ፣ ታች ለሽማግሌዎቹ የአንደኛ ክፍል ዴስክ ይዘጋጅ። የዘጠኝ ወር አፈጻጸም ከነመቶኛው ከተነበበ በኋላ «ከሰዓት አንጻር ሁለት አስተያየት ብቻ እንቀበላለን» ይባል። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሣሉ።

«እንዲያው የኔ ጌታ፣ የልጄ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። መጽሐፍ አልደረሳትም። በስልክ ነው ይሏታል፤ ስልክ ደግሞ የለንም። ምን ይሻለናል?»

«እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። አቅጣጫ ተቀምጦበታል።»

በዚህ መልስ የማይቀመጥ ሰው የለም። አሮጊቷ የጠየቁት የአገር ጥያቄ ነው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ሲተገበር የታተመ መጽሐፍ እያጠረ፣ በርካታ ትምህርት ቤቶች በሶፍት ኮፒ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። «መጽሐፉ ገና አልታተመም፤ እስከዚያው ትምህርት ቤቱ ይህን ያህል ቅጂ አባዝቶ በቡድን ያድላል» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን እንዲህ ከተባለ በሚቀጥለው ወር ቅጂው የታለ ብለው ይመጣሉ። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ «የመጽሐፍ አቅርቦት በዝርዝር ተገምግሞ መግባባት ላይ ተደርሷል» ተብሎ ይስፈር።

ዝምታን በሚመለከት ከኢትዮጵያ ታሪክ የተሻለ መምህር አይገኝም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለ ታላቅ ጥናት ሐምሌ 1964 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ትምህርት ለጥቂት ከተሜ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለሰፊው ሕዝብ እንዲዳረስ፣ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም እንዲሰጥ የሚል ሐሳብ ነበረበት። ሰነዱ ግን እስከ የካቲት 1966 ድረስ ለሕዝብ አልወጣም። በመካከሉ ባለፈው አንድ ዓመት ከሰባት ወር ወሬ ሥራውን ሠራ። የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ተፈረደበት ተባለ፤ መምህራኑ ደመወዛችን ሊቀነስ ነው ብለው ሠጉ፤ ተማሪውም ወላጁም ተቆጣ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ቤንዚን የተወደደባቸው ባለታክሲዎችም አደሙ። ጥናቱ ወዲያው እንዲታገድ ተደረገ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ። እርግጥ ነው፣ ረኃቡም የወታደሩ ብሶትም ነበረበት። ቢሆንም አንድን ሰነድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ብቻውን ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለተጠራጠረ ኃላፊ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይቀርብለትም።

ዛሬም ስልቱ አልጠፋም። ትምህርት ቤት ከሌላው ጋር ሊዋሐድ፣ ርእሰ መምህር ሊዛወር ከሆነ ለማንም አይነገር። ወላጅ መጀመሪያ ከሱቅ በደጄ ይስማ፣ ቀጥሎ ከተማሪ፣ ከዚያ ከሹፌር፤ መጨረሻ ላይ ጽሕፈት ቤቱ «በሬ ወለደ ወሬ ነው» ብሎ ያስተባብል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነገሩ እውነት ሆኖ ይገኝ።

ፀጥታ በታወከ ጊዜ ደግሞ ምክሩ ይበልጥ ይጠብቃል። በ2014 መባቻ በሰሜኑ ጦርነት ኩታበር የጦር ግንባር ሆና ነበር፤ ከዚያም ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፤ በአማራ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ። ከ2015 ክረምት ማብቂያ ወዲህ በቀጠለው ግጭትም በክልሉ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እናት ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ትምህርት አለ ወይስ የለም? ለዚህ ጥያቄ አዎም አይደለምም አይባል። «የመማር ማስተማሩ ሥራ በተረጋጋ ሁኔታ ቀጥሏል» የሚለው ለሁሉም ቀን ይሆናል።

ገንዘብም የራሱ ጥበብ አለው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ጥራት ማሻሻያው ፕሮግራም ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ሲያገኙ ቆይተዋል፤ ወጪውም የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረቱ ባለበት እንዲታቀድ ይጠበቃል። ኃላፊው የኅብረቱን ሰብሳቢ ለፊርማ ብቻ ይጥራ። መዋጮ ሲሰበሰብ ሞዴል 64 ደረሰኝ ይረሳ፤ አጥሩ መቼ እንደሚታጠር የጠየቀ አባወራ «ፀረ ልማት» ይባል። የገቢና ወጪው ዝርዝር በምንም ተአምር ሰሌዳ ላይ አይውጣ። ዩጋንዳ ይህን ስህተት ሠርታ ምን እንደሆነች የታወቀ ነው። ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው ድጎማ በአማካይ 13 በመቶው ብቻ ይደርስ ነበር። የተላከው ገንዘብ በጋዜጣ መታተምና በትምህርት ቤት ደጃፍ መለጠፍ ጀመረ፤ ወላጅ አንብቦ ጠየቀ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የሚደርሰው ከ80 በመቶ አለፈ። በመካከል ለነበሩት ሰዎች እንዴት ያለ ኪሳራ ነው!

የፈተና ውጤት ሲወጣ ከትምህርት ሚኒስቴር ልምድ መውሰድ አይገባም። ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ጥር 2015 ላይ ወጥተው የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው አሉ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉም ተነገረ። አገር ደነገጠ፤ ወላጅ ስለ ጥራት ይጠይቅ ጀመር። ወረዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ያለፈችው አንዲት ልጅ ትፈለግ። ላፕቶፕ ትሸለም፤ ዐሥራ ሁለት ኃላፊዎች ከበዋት ፎቶ ይነሡ። ስለቀሩት «ተግዳሮቶች ቢኖሩም» የምትለው ሐረግ ትበቃለች።

የሚቀረው አንድ ሥጋት ሕግ የሚያውቅ ወላጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ግዴታው ነው። ወላጁ ካልረካ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። እንዲህ ያለ ማመልከቻ የመጣ ዕለት ኃላፊው በትሕትና ይቀበል፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ያሰጥለት፤ ቡና ይጋብዘው። በሠላሳኛው ቀን ግን ቢሮው አይገኝ። አዳማ ሥልጠና ላይ ይሁን፤ ርእሱም «ውጤታማ የሕዝብ ግንኙነት» ቢሆን አበሉም ይወራረዳል።