ማርሚታው ከወጣ ወዲህ

ዲማ ላይ ሲነጋ መጀመሪያ የሚሰማው የጊዮርጊስ ደወል፣ ቀጥሎ ዶሮ ነበር። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ግን አንድ አይሱዙ ሁለቱንም ይቀድም ጀመር። ሞተሩ ሲነሣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያላዝናል፣ ሕፃን ይባንናል፤ አንድ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህርም ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ የእጅ ሰዓታቸውን ከትራሳቸው ሥር ይፈልጋሉ።

ጩኸቱን እንኳ ይችሉት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰባ ሰባ ተማሪ ከታጎረበት ክፍል ቆሞ ያስተማረ ሰው ጩኸት አይገድለውም። ያልቻሉት ቆይታውን ነው። በጥቅምት መኪናው ከግቢው ወጥቶ ከአቀበቱ ጫፍ እስኪሰወር ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር። አሁን አራት ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ ይፈጅበታል። ድምፁ እጥፍ ሆነ፤ ጊዜውም እጥፍ ሆነ። እንዲህ የሚጮኽ ነገር እንዴት እንዲህ ይዘገያል? ጥያቄዋ እንደ ጤፍ ገለባ አንገታቸው ሥር ገብታ ትኮሰኩሳቸው ጀመር።

ባለመኪናው ደግሞ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ጤፍ እየጫነ በደጀን በኩል አዲስ አበባ ይመላለሳል። አንድ እሑድ ቡና ላይ ያዙት።

«ጋሼ፣ ማርሚታውን አስወጣሁት እኮ፤ ሞተሩ እንደልቡ ይተንፍስ ብዬ።»

«ታዲያ ተነፈሰ?»

«ድምፁን አልሰሙትም?»

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ መኪናው መሄድ ነበረበት። መምህሩ ግን ማርሚታ የምትለው ቃል ላይ ቀሩ። ማርሚታ በጣሊያንኛ ድስትም ነው። ጣሊያኖች ከጭስ ቱቦው መካከል የተንጠለጠለውን ሆዳም ቆርቆሮ ሲያዩ ትዝ ያላቸው ወጥ ቤታቸው ነው መሰለኝ፣ የድስቱን ስም ሰጡት። እኛ ድስቱን ለነሱ ትተን የመኪናውን ብቻ ወሰድን። ከወሰድን አይቀር ደግሞ ፍሬኑን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ባሌስትራውን፣ ኩሽኔታውን፣ ቺንጋውን፣ ካቻቢቴውን፣ ጎሚስታውን ሳይቀር ጠራርገን ወሰድን። በላይ ዘለቀ በዚሁ በቢቸና ዙሪያ መቆሚያ መቀመጫ የነሣው ጣሊያን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጎጃምን በወጉ ሳይገዛ ወጣ። የጎጃምን ጋራዥ ግን እስከ ዛሬ እየገዛ ነው። አቀበት ላይ ሲያቃስት ከሩቅ የሚለየውን የድሮውን ፊያት «ኤንትሬ» ስንለው እንኳ፣ ሦስት ቁጥርን በጣሊያንኛ እየቆጠርን መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን? መምህሩ ይህን ሁሉ ለእህታቸው ልጅ አስረዱት። ልጁ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ።

በነገራችን ላይ ዲማ የቅኔ አገር ናት። ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ከባለስምንት ቤቱ መወድስ ለይቶ የሚሰማ ሰው ያለበት ቦታ፣ ማንኛውም ድምፅ ከሥሩ ሌላ ነገር ሳይኖረው አይቀርም ተብሎ ይጠረጠራል። መምህሩ ቅኔ ቤት የከረሙት ሁለት ክረምት ብቻ ቢሆንም የአይሱዙውን ሰምና ወርቅ ለመለየት በቅቷቸዋል፤ ሰሙ ጉልበት፣ ወርቁ ድካም።

ለነገሩ ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አንድ ኪሎ ናፍጣ በደንብ ለመንደድ 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም በሆነ ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ከወደብ አየር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የደጋ ሞተር ሁልጊዜ አየር የራበው ሞተር ነው። ረሃቡን የሚያስታግስለት ቱርቦው ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበለት ዘዴ፣ ሊወጣ የተዘጋጀውን ጭስ በመንገዱ ላይ አንድ ሥራ ያሠራዋል። ጭሱ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፣ እሱም በዘንግ የተያያዘውን ሌላውን፣ ይኼኛው ደግሞ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይሰዳል። ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ ሰፊ ሲሆን ጭሱ ይቀልለዋል፤ ቱርቦውም ይፈጥናል። ማርሚታ ማውጣት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም። በበያጅ ቤት ግን ወረቀት የለም። ያለው ቧንቧ ነው፤ እሱም የተገኘው ቧንቧ።

ልጁ አባይ በረሃ ላይ ነው የነቃው። ከደጀን ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሮ፣ 50 ኩንታል ጤፍ እንደጫነ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ መኪናው አልሳብ አለው። በሁለተኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲንፏቀቅ፣ ከኋላ የነበረ ተሳቢ በጡሩምባ ዘለፈውና አልፎት ሄደ። ተሳቢ ቀደመው! ይህን ለአጎቱ የነገረው ሞት እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ከዚያ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ተጀመረ። የመጀመሪያው ሜካኒክ ካቢናው ላይ ጆሮውን አስደግፎ አዳመጠና «ኖዝል ነው» አለ። ኖዝል ተቀየረ። ሁለተኛው «ፊልትሮ ነው» አለ። ፊልትሮውም ተቀየረ። ሦስተኛው ፖምፓውን አውርዶ ናፍጣውን ከፍ አደረገለት። ጥቁር ጭስ አየር አጥሮ ናፍጣ መትረፉን የሚናገር ጭስ ነው፤ የጠገበ ሰው ሲያስመልሰው እንጀራ እንደመጨመር ማለት ነበር። መኪናው ይበልጥ ጠቆረ፣ ይበልጥም ደከመ። መምህሩ ከቱርቦው ቀጥሎ ያለውን መጋጠሚያ አላልታችሁ አንዴ አቀበት ላይ ሞክሩት፤ ጉልበቱ ከተመለሰ የታፈነው ከዚያ ወዲህ ነው ብለው ለመኑ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ፊዚክስ አይደለም» ተባሉ።

የሁለት ጉዞ ትርፍ ካለቀ በኋላ ነገሩን ያወጣው ረዳቱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎማ ሊፈታ ከሥር እንደተጋደመ፣ እንደ ዋዛ፣ «ይቺ ነገር ዛሬም አልተመለሰችም» አለ። «ይቺ ነገር» የጭስ ፍሬኑ እጀታ ናት። ከቱርቦው ወዲህ በጭስ ቱቦው ውስጥ አንዲት ክብ ቅጠል አለች፤ ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ሲያዛት ትዘጋና ጭሱን አፍና ሞተሩን ራሱን ልጓም ታደርገዋለች። አባይን ያለሷ መውረድ ፍሬን ማቃጠል ነው። በያጁ አዲሱን ቧንቧ ዝንፍ አድርጎ ስለበየደው እጀታዋ ጠርዙ ላይ እየተደገፈች ቅጠሏ በግማሽ ተዘግታ ትቀራለች። መኪናው ከኅዳር ጀምሮ አቀበት ሲወጣ የኖረው ፍሬን ይዞ ነው!

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያየኸው?»

«ከተበየደ ማግሥት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መምህሩ ያን ቀን ራት አልበሉም። ሦስት ሜካኒክ፣ አንድ በያጅ፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ ፊዚክስ ያስተማረ አጎት፤ ከስድስቱ አንዱ እንኳ «ይህ ነገር መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተነካ?» ብሎ አልጠየቀም። ጆሮውን ካቢና ላይ አስደግፎ እንደ ጠንቋይ የሚተነብየው ገንዘብ ይቀበላል። በየቀኑ ከመኪናው ሥር የሚተኛው፣ እያንዳንዷን ብሎን በእጁ የሚያውቀው ልጅ የሚጠራው ድንጋይ እንዲያስደግፍ ነው። አፉን ቢከፍት «አንተ ዝም በል!» ነው ደመወዙ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሳን ያኖሩት እዚሁ ዲማ ነው፤ ከላይ ያለውና ከታች ያለው የተቀመጡበት ሥርዓት ሲያንገበግበው እብድ የተባለውን ሰው። ስድሳ ዓመት ያህል አለፈ። ፊታውራሪዎቹ ሄዱ፤ ወንበራቸው ጋራዥ ውስጥ አለ፤ ጎማው ብቻ ነው የተቀየረው። መምህሩ ይህን ጮክ ብለው ሲናገሩ ባለቤታቸው ሽሮው እየቀዘቀዘ መሆኑን አስታወሷቸው።

በማግሥቱ የቧንቧው ጠርዝ በመጋዝ ተቆረጠ፤ ቅጠሏም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ረዳቱ መቶ ብር ተሰጠው፤ ለምን እንደተሰጠው ግን የነገረው የለም።

ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰኮንድ!

ሃምሳዋ ሰኮንድ ግን አለች። መምህሩ ሜትር ይዘው ከሥር ገቡ። የድሮው ቱቦ ውስጡ 8 ሳንቲሜትር፣ አዲሱ ቧንቧ 6 ሳንቲሜትር ነው። በስፋት ሲሰላ ከ16 እጅ 9 እጁ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ልጁ ደግሞ ዘንድሮ ጤፉ ከብዶ ነው ይላል። አየር ማጣሪያው የአውድማ ገለባ እንደጠጣም ረዳቱ ሳይጠየቅ ተናግሯል፤ ይህ ራሱ ለውጥ ነው። ማርሚታው ይመለስ ወይስ ቧንቧው ይስፋ የሚለው ክርክር ፋሲካን ተሻግሯል። መምህሩ በበኩላቸው ለማንም ያልነገሩት ነገር አለ፤ መኪናው አዲስ አበባ ያደረ ቀን ሁለት ሰዓት ድረስ ይተኛሉ፤ ሲነሡም ይከፋቸዋል።

የወጣው ማርሚታ ጓሮ ወድቆ ነበር። ሰሞኑን ባለቤታቸው አዩትና ጭስ ለሚያፍነው ማድ ቤታቸው ማውጫ ይሆናል ብለው በግድግዳው በኩል አስገጠሙት፤ ድስቱ ወጥ ቤት ገባ። ቅዳሜ ምጣዱ ሲጣድ እሳቱ አልነድ አለ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ እንጀራው ዓይን አላወጣም።

«እንጨቱ እርጥብ ነው» አሉ ባለቤታቸው ዓይናቸውን እያሹ።

መምህሩ የእጅ ሰዓታቸውን ፈልገው ከበሩ ላይ ቆሙ።