ቀይ ባሕር ዛፍ በአገሩ

ሜልቦርን ያለ ሐበሻ በጓሮው አንድ ነገር ሊሠራ መሆኑ ከተሰማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደቦ ይወጣለታል። የደቦው ደንብ ግን ከአገር ቤቱ ትንሽ ይለያል፦ ባለጉዳዩ ይቆፍራል፣ የመጣው ይቆጣጠራል። የጎመን መደብ ልሠራ ማሰቤን ለአንድ ሰው ብቻ ብነግር ደጃፌ የመኪና ማቆሚያ ታጣ።

መደብ ያስፈለገኝ በመሬቱ ጠባይ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው ሜዳ ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው፤ ላዩ ዋልካ፣ ሥሩ ጥቁር ድንጋይ። ክረምት ጫማ ይነጥቃል፤ በጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፤ በዲጂኖ ሲመቱት ደግሞ መልሶ ይመታል። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ከመሬቱ ጋር አይጣላም፤ አፈር ገዝቶ ከላዩ ያስቀምጣል። ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ይህን ስትሰማ፣

«አፈር ነው የምትገዛው?» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«በገንዘብ?»

«በገንዘብ።»

አማተበች።

ሌላው ጣጣ ቤቱ የኪራይ መሆኑ ነው። በስሚንቶ ያቆሙት፣ በምስማር የመቱት ነገር ለአከራይ ይቀራል። ባለ ቦይ ቋሚ የወደድኩት ለዚህ ነው። አራት የብረት ቋሚዎች በአራቱ ማዕዘን ይተከላሉ፤ እያንዳንዱ በሁለት ጎኑ ከላይ እስከ ታች ቦይ አለው። ከዚያ በባቡር ሐዲድ ሥር የሚጋደመውን ዓይነት ወፍራም እንጨት ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ከላይ ወደ ቦዩ መልቀቅ ነው። ምስማር የለ፣ ብሎን የለ። መደቡን ማስረዘም ያሰኘው ሰው በመካከል የኛን «ዘ» የመሰለ ቋሚ ይጨምራል፤ በአንድ ጎኑ የድሮውን፣ በሌላው ጎኑ አዲሱን እንጨት ያቅፋል። ቤት ሲለቁ ነቅሎ መጫን ነው።

ልኩም ብልሃት አለው። እንጨቱ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲሜትር ሆኖ ይሸጣል። አራቱን እንዳሉ ለረጅሙ ጎን፣ ሁለቱን ከመሐል ቆርጦ ለአጭሩ ጎን ሲያደርጉ በስድስት እንጨት 40 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው መደብ ይወጣል፤ ቁራጭ አይተርፍም። ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነው ከግራም ከቀኝም ጎንበስ ብሎ መሐሉን ለመድረስ ነው። በእግር ከረገጡትማ የገዙት አፈርም ዋልካ ይሆናል።

በዋጋ የሚቀናው መድኃኒት የተነከረ ጥድ ነበር። ከተነከሩት አንዱ ዓይነት ግን መዳብና ክሮም ብቻ ሳይሆን አርሴኒክም አለበት፤ አውስትራሊያ በ2006 እ.ኤ.አ. ለልጆች መጫወቻና ለመመገቢያ ጠረጴዛ እንዳይውል ከልክላዋለች። ጠረጴዛው ላይ የማይፈለግ ነገር ከጎመኑ ጎን ምን ይሠራል? ከፍ አድርጌ ከፈልኩና ቀዩን እንጨት አስመጣሁ።

እናቴ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው። «ይሄማ ቀይ ባሕር ዛፍ ነው!»

እውነቷን ነው። እዚህ ሬድ ገም ይሉታል፤ መሪ በሚባለው ወንዝ ዳር የሚበቅል፣ ምስጥ ቶሎ የማይደፍረው፣ የቪክቶሪያ ባቡር ሲመላለስበት የኖረ እንጨት። እኛ የዚህን ምድር ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን አስመጥተን፣ እንጦጦን አለበስንበት፣ ቤት ሠራንበት፣ እንጀራ ጋገርንበት፤ ከዚያ ዞር ብለን «ውኃ መጣጭ፣ መጤ» ስንለው ኖርን። አሁን በአገሩ መጤዎቹ እኛ ነን፤ እሱ ግን አንድም ቀን ወረቀት አልጠየቀንም።

«ባሕር ዛፍ አጠገብ ጎመን ሲበቅል የት አይተሃል?» አለች እናቴ። «ይመጠዋል እኮ!»

«ሞቷል እማዬ፤ ተሰንጥቆ ደርቋል።»

«ባሕር ዛፍ መች ይሞታል? ቆርጠኸው ዞር ስትል ያቆጠቁጥ የለ!»

ደቦው የተጋጋለው አንዱ እንጨት ቦዩ አልገባ ሲል ነው። በመጋዝ ብቻ የወጣ እንጨት ውፍረቱ አንድ አይሆንም፤ ሚሊሜትሮች ይሰርቃል፣ ይጨምራልም። አንዱ «በውኃ ይራስ» አለ፤ ሌላው «ከራሰ ያብጣል» ብሎ ጮኸ፤ ሦስተኛው መዶሻ ፍለጋ መኪናው ድረስ ሄዶ በዚያው ቀረ። እኔ በመላጊያ ጫፉን እያሳሳሁ ሳለ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ማዕዘኑ ጠሟል አሉ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለካሁ፤ በሁለቱም በኩል 2 ሜትር ከ68 መጣ።

«ጋሼ፣ ልክ ነው።»

«ሜትርህ ጠሞ ይሆናል» አሉኝ። «የኔ ዓይን ውኃ ልክ ነው።»

ገልባጩ መኪና ከአንድ ሜትር ኩብ የበለጠ አፈር፣ ማለትም ከቶን በላይ ሸክም፣ ደጃፌ ላይ ደፍቶ ሲሄድ ደቦው ሁሉ ሌላ ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው። አካፋና ጋሪ ይዘን የቀረነው ባለቤቴና እኔ ነን። ጀበናው ከከሰል ላይ ሲወርድ ግን ቀጠሮው ሁሉ ተሰረዘ፤ የመደቡ ጠርዝም ለመቀመጫ ልክ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ጠሟል ባሉት ማዕዘን ላይ ተደላድለው እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጡ።

ዘሩ ሌላ ታሪክ ነው። እናቴ በመሐረብ ቋጥራ ያመጣችውን የጎመን ዘር አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አስመዝግባ አስረክባለች፤ እዚህ አገር ዘር እንደልብ አይገባም። ከገበያ ችግኝ ገዛን። መስከረም ነበር፤ ክረምቱ እዚህም ከአገር ቤቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ጎመኑም ደስ ብሎት ተነሣ። ከዚያ ፖሰም የሚባል እንስሳ መጣ። ሌሊት ይመጣል፣ ለጋ ለጋውን ይመርጣል፣ ሕግም ይጠብቀዋል፤ ጣሪያ ውስጥ ገብቶ ቢያዝ እንኳ ከተያዘበት 50 ሜትር ሳይርቅ መለቀቅ አለበት። «ይሄ ሌባ ሳይሆን የመንግሥት እንግዳ ነው» ብላ እናቴ የመረብ ክዳን አሠራችኝ።

እሷን እስከ መጨረሻው ያልለቀቃት የእንጨቱ ዋጋ ነው። የስድስቱን ደረሰኝ አስነበበችኝ፤ በብር አስመነዘረችኝ፤ ደግማ አስመነዘረችኝ። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ደብረ ብርሃን ደወለች።

«ስሚ፣ ያንን ከወንዙ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ እንዳትሸጡት! ነጋዴው ቢመጣም እናቲቱ አውስትራሊያ ገዢ እያነጋገሩ ነው በይው።»